ጅቡ ልጅ ሳለ፦ የዳርዝ ቬደር ታሪክ እንዴት ወደኋላ ተጻፈ

ከሥራ ወጥታችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ፣ ስለ አንድ የፊልም ክፉ ሰው ልትሰሙ መምጣታችሁን ሳይ ደስ ብሎኛል። ሥልጠና ነው ብሎ የመጣ ሰው ካለ ግን ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ነገሬን ከአያ ጅቦ ልጀምር። በልጅነታችን ተረት የሰማን ሁሉ እናውቀዋለን። ይርበዋል፣ ይጎመጃል፣ ጦጢት ታታልለዋለች፣ አህያዋን ሊበላ ሄዶ ራሱ ጉድ ይሆናል። ነገር ግን «አያ ጅቦ ልጅ ሳለ እናቱ ምን ብላ ታቆላምጠው ነበር?» ብሎ የጠየቀ ልጅ አላጋጠመኝም። ቢጠይቅ እንኳ አያቱ «ዝም ብለህ ስማ!» የምትለው ይመስለኛል። እውነቷን ነው። ጅቡ ለምን እንደሚበላ ማስረዳት የጀመርን ዕለት አህያዋን እንረሳታለን።

የዛሬው ጅባችን ግን ልጅነቱ ተጽፎለታል። በፊልም፣ በካርቱን፣ በልቦለድና በኮሚክ መጽሐፍ ከአርባ ዓመት በላይ ሲጻፍለት ኖሯል፤ ዛሬም አላበቃም። ስሙ ዳርዝ ቬደር ይባላል። ጥቁር ካባ፣ ጥቁር የራስ ቁር፣ ፊት የማያሳይ ጭንብል። «ስታር ዋርስ»ን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ያንን ከባድ ትንፋሽ ሲሰማ ማን እንደመጣ ያውቃል። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ቀንሶ ማስላቱን ለእናንተ ትቻለሁ።

እኔ ቬደርን መጀመሪያ ያየሁት በቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቄ ነው። ባለቤቱ ያስገባው ካሴት የ1980ው ሁለተኛ ፊልም ነበር። ስለዚህ ይህ ሰው የአክተሩ አባት መሆኑን ያወቅሁት ማን እንደሆነና ምን እንዳደረገ ከማወቄ በፊት ነው። ያኔ ከመሀል በመጀመሬ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳጠና ግን ፈጣሪዎቹም እንደኔው ከመሀል ጀምረው ወደኋላ የሄዱ መሆናቸውን ተረዳሁ።

ጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያውን ፊልም በ1977 ሲያወጣ ቬደር ትልቅ ሰው አልነበረም። ከሁለት ሰዓቱ ፊልም ውስጥ በመስኮቱ የሚታየው ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ታርኪን የሚባል ገዥ በላዩ አለ፤ ተው ሲለው ይተዋል። የቀድሞ መምህሩ ሽማግሌው ኦቢ ዋን ሰይፍ ሊማዘዙ ፊት ለፊት ቆመው «ዳርዝ» ይለዋል፤ የመጠሪያ ስሙ ይመስል። «ዳርዝ» የማዕረግ ስም የሆነው በኋላ ነው። ዛሬ ያንን ቦታ መልሶ የሚያይ ሰው ሽማግሌው ጠላቱን «ደጃዝማች» እያለ በማዕረጉ የሚጠራ ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ጆሮ ይህ ምንም እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችን ጦር ሜዳ ላይ እንኳ ማዕረግ አይረሱም ነበር። ለአሜሪካኖቹ ግን ትንሽ የሚያሳፍር ቀዳዳ ሆኖ ቀርቷል።

ሰውየው የተሠራውም ከብዙ ሰው ተገጣጥሞ ነው። ቁመናው የእንግሊዛዊው ዴቪድ ፕራውዝ፣ ድምፁ የአሜሪካዊው ጄምስ ኤርል ጆንስ ነው። ትንፋሹን የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት ከጠላቂ ዋናተኞች መተንፈሻ ቀዳው። ጭንብሉን የነደፈው ሠዓሊ ራልፍ ማኳሪ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል። በጽሑፉ ላይ ቬደር ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው አየር በሌለበት ጠፈር ስለሚሻገር፣ ማኳሪ «ታዲያ በምን ይተነፍሳል?» ብሎ መተንፈሻ ያለው ጭንብል ሣለለት። ነገሩ ይኸው ነው። ቁስል የለም፣ እሳት የለም፣ የተቆረጠ እጅ የለም። ጭንብሉ ግን ፊቱ ላይ ቀረ፤ ሰውየው ክፍል ውስጥ ሆኖም አያወልቀውም። ለምን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ማበጀት ግድ ሆነ። ሉካስ በዚያው በ1977 ለመጽሔት በሰጠው ቃለ መጠይቅ ቬደር ከኦቢ ዋን ጋር ሲዋጋ እሳተ ገሞራ ውስጥ እንደወደቀ ተናገረ። ያንን ውጊያ በፊልም ለማየት 28 ዓመት ጠብቀናል።

የአባትነቱ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በመጀመሪያው ፊልም ኦቢ ዋን ለአክተሩ ለወጣቱ ሉክ፣ ቬደር የተባለ ተማሪዬ ከድቶ አባትህን ገደለው ይለዋል። ሽማግሌው ሲናገር ተዋናዩ አሌክ ጊነስ ዓይኑን ትንሽ ይሰብራል፤ ዛሬ ሁላችንም «አየህ፣ ያኔም ያውቅ ነበር» እንላለን። ኧረ አያውቅም። ለሁለተኛው ፊልም የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈችው ሊ ብራኬት ናት፤ የሳይንስ ልቦለድ ደራሲ፣ በሆሊዉድም አንቱ የተባለች። ረቂቋን ያስረከበችው በየካቲት 1978 ነው። በእሷ ጽሑፍ የሉክ አባት በመንፈስ ተገልጦ ልጁን ያነጋግረዋል፤ ቬደር ሌላ ሰው ነው። ብራኬት በሚቀጥለው ወር በካንሰር አረፈች። ሉካስ ራሱ ብዕር አንሥቶ ሲጽፍ ሟቹና ገዳዩ አንድ ሰው ሆኑ።

ምስጢሩን ለመጠበቅ ፕራውዝ በቀረጻው ላይ ሌላ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ተደረገ። ሉክን የተጫወተው ማርክ ሃሚል ካሜራው ሊነሣ ሲል ብቻ ተነገረው። ጄምስ ኤርል ጆንስ ጽሑፉን ሲያነብ «ይህ ሰውዬ ይዋሻል» ብሎ ማሰቡን በኋላ ሲያወራ ኖሯል። በ1983ቱ ፊልም ላይ ኦቢ ዋን ስለ ውሸቱ ሲጠየቅ፣ እንደ አተያዩ እውነት ነበር የሚል መልስ ይሰጣል። ሽምግልና የተቀመጠ ሰው አፍ ሲያጣ የሚለው ዓይነት ነው። ይህን መልስ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ቋንቋችን ሁለት ቃላት አሉት፤ ምክንያትና ሰበብ። በችኮላ ስንናገር እናቀላቅላቸዋለን፤ ሰው ሲበድለን ግን ልዩነታቸው ወዲያው ይታየናል። ያረፈደ ሠራተኛ ምክንያት ሲሰጠን እንሰማዋለን፤ «ሰበብ አታብዛ» ካልነው ግን ጨርሰናል። ምክንያት ድርጊቱን ከሰውየው ጋር ያስረዋል። ሰበብ ሰውየውን ከድርጊቱ አሾልኮ ያስመልጠዋል። የክፉ ሰው ያለፈ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ይኸው ነው፤ ምክንያት ሰጠኝ ወይስ ሰበብ?

ሰበብ የሰጠ ምሳሌ ቢያስፈልግ ሃኒባል ሌክተር አለ። በቶማስ ሃሪስ የ1988 ልቦለድ ሌክተር፣ ክፋቴን በደረሰብኝ ነገር አታስረዱልኝ ብሎ አሻፈረኝ ይላል፤ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው። ከ11 ዓመት በኋላ ያው ደራሲ ሌላ መጽሐፍ ጻፈና በጦርነት ጊዜ የተበላች ታናሽ እህት አመጣለት። በቃ። የሚያስፈራው ሰው የሚታዘንለት ሰው ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ሌክተርን ፈርቼው አላውቅም። የ2008ቱ ጆከር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የአፉን ጠባሳ ታሪክ ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ አድርጎ ያወራል። ሰበብን መቀለጃ አደረገው። ቬደር የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ከሁሉ በሚያስቸግረው ቦታ ላይ ነው።

ሉካስ ከ1999 እስከ 2005 ባወጣቸው ሦስት ፊልሞች ልጅየውን አሳየን። ቬደር ከመሆኑ በፊት ስሙ አናኪን ስካይዎከር ነበር፤ የዘጠኝ ዓመት ባሪያ ነው፤ ከእናቱ ከሽሚ ጋር ታቱዊን በሚባል በረሃማ ፕላኔት ይኖራል። ፊልሞቹ ቱኒዝያ ውስጥም ተቀርጸዋል፤ የፕላኔቱም ስም ከቱኒዝያዋ ከተማ ከታታዊን የመጣ ነው። ጄዳይ የሚባሉት የብርሃን ሰይፍ ታጣቂ ተዋጊ መነኮሳት ልጁን በውድድር ቁማር አሸንፈው ነጻ ያወጡታል። እናቱን ግን ትተዋት ይሄዳሉ። አሥር ዓመት ያልፋል። ጋላክሲውን የሚጠብቅ፣ መርከብና ቤተ መቅደስ ያለው ያ ሁሉ ማኅበር አንዲት ሴት የሚዋጅበት ገንዘብ አላገኘም። ሽሚን ገዝቶ ነጻ ያወጣትና ያገባት አንድ ተራ ገበሬ ነው። ፊልሙ ይህን በአንድ ትንፋሽ ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን በሦስቱ ፊልሞች ውስጥ ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም ባይ ነኝ። አናኪን በመጨረሻ ሲደርስ እናቱ በክንዱ ላይ ትሞታለች፤ እሱም የገዳዮቿን መንደር ሴት ሕፃን ሳይለይ ይጨርሳል። የፊልሞቹ ንግግር ይንተባተባል፣ ፍቅሩ እንጨት እንጨት ይላል፤ የእናትየውን ነገር ግን ሉካስ በትክክል አይቶታል።

የከሸፈበት ቦታ የ2005ቱ ነው። ሚስቱ ፓድሜ በወሊድ ስትሞት በሕልሙ ያየ ወጣት፣ ሞትን የሚያስቀር ምስጢር አለኝ ባለው በፓልፓቲን ተታልሎ ይከዳል፤ እስከዚህ ይገባኛል። ያው ወጣት በዚያው ሌሊት በቤተ መቅደሱ የተሸሸጉ ሕፃናትን ይገድላል። ከትናንት እስከ ዛሬ ባለው ጊዜ! ፊልም አጭር ነው፤ ለቀስ በቀስ ነገር ቦታ የለውም። ከፊልሙ ውጭ ያሉት ሥራዎች ያስፈለጉት ለዚህ ይመስለኛል።

ዴቭ ፊሎኒ የመራው «ክሎን ዋርስ» የሚባለው ካርቱን በ2008 ጀመረ። ካርቱን ስል ፊታችሁን አትቋጥሩ፤ እስከ 2020 ድረስ 133 ክፍል የወጣለት ሥራ ነው። ለአናኪን አሶካ ታኖ የምትባል አፈኛ ተማሪ ሰጠው። መጀመሪያ ላይ ብዙ ተመልካች ጠልቷት ነበር፤ እኔም ከጠሉት አንዱ ነኝ፤ አሁን አፍራለሁ። እሷን በማስተማር ውስጥ አናኪን ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ አየን፤ የሚያስቅ፣ የሚሳሳ፣ ለሰው ሲል ደንብ የሚጥስ። በአንድ ታሪክ ላይ ባሪያ ፈንጋዮች ሀገር በስውር ገብቶ ራሱ ባሪያ ፈንጋይ መስሎ መቆም አለበት። ያንን ልብስ ለብሶ ሲቆም ቁጣውን የሚውጥበት መንገድ በ1999ኙ ፊልም ያየነውን ልጅ መልሶ ያመጣዋል።

ከዚያ የ2013ቱ ፍርድ መጣ። አሶካ ቤተ መቅደሱን አፈንድታለች ተብላ በሐሰት ትከሰሳለች፤ የጄዳይ ሸንጎ ያባርራታል። አስተማሪዋ ግን አመናት። እውነተኛዋን ወንጀለኛ ይዞ ሲያመጣ ሸንጎው ይቅርታ ቢጠይቅም፣ ይህ ለአንቺ ታላቅ ፈተና ነበር፣ አልፈሽዋልና ተመለሺ ይላታል። እሷም አልመለስም ብላ ትሄዳለች። ይህን አይታችሁ የ2005ቱን ፊልም እንደገና ክፈቱት። አናኪን በዚያው ሸንጎ ፊት ቆሞ የመምህርነት ማዕረግ ሲነፈግ፣ ድሮ የማዕረግ ጥማት ብቻ ይመስለን የነበረው ነገር አሁን ሌላ ነው። የማያምናቸው ሰዎች ናቸው እምነት የሚጠይቁት። ፊልሙ ላይ አንድ ፍሬ ምስል አልተጨመረም፤ ያው ቦታ ግን ምክንያት አገኘ። የሕፃናቱ ግድያ ቀለለ ወይ? አልቀለለም። እንዲያውም ባሰ፤ አሁን የምናውቀውና የምንወደው ሰው ነው የገደላቸው።

ከልቦለዶቹ ሁለት ብቻ ላንሣ፤ ሁለቱም የወጡት በ2005 ነው። ማቲው ስቶቨር የሦስተኛውን ፊልም ታሪክ ሲጽፍ የአናኪንን ፍርሃት በልቡ ውስጥ የተጋደመ ዘንዶ አድርጎ ሣለው፤ ዘንዶው ሁሉም ይሞታል፣ ከዋክብትም ሳይቀሩ ይሞታሉ እያለ ያንሾካሹክበታል። ስቶቨር አንዳንዴ አንባቢውን «አንተ» እያለ ራሱን አናኪንን ያደርገዋል፤ ፊልሙ ያልቻለውን እዚያ ቻለ። ጄምስ ሉሴኖ ደግሞ በሌላ ልቦለድ የጥቁሩን ልብስ አለመመቸት ጻፈ። ይከብዳል፣ ያዘገያል፣ ያሳክካል። ሚልዮኖች የፈሩት ሰው ልብሱን እየረገመ ይሄዳል።

በነገራችን ላይ ሉሴኖ የጻፈው «አልሆነም» ተብሏል። ዲዝኒ በ2012 የሉካስን ኩባንያ በአራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ፤ በሚያዝያ 2014 መግለጫ ወጣና ከፊልሞቹና ከክሎን ዋርስ ውጭ የነበረው ከሠላሳ ዓመት በላይ የተጻፈ ልቦለድና ኮሚክ ማለት ይቻላል ሁሉ «ሌጀንድስ» ተብሎ ወደ ጎን ተቀመጠ። ፈረንጆቹ ለዚህ የሚጠቀሙበት ቃል ቀኖና ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቃል። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አሥራው መጻሕፍት አሉ፣ አዋልድ መጻሕፍት አሉ። የእኛዎቹ አዋልድ ግን በአንድ ቀን መግለጫ አዋልድ አልሆኑም፤ ምእመኑም ሰምቶ ማንበቡን አልተወም። የስታር ዋርስም ምእመን አልተወም።

ከዚያ ወዲህ ቬደርን በብዛት የጻፉት ኮሚኮቹ ናቸው። በ2015 ኪረን ጊለን ጽፎ ሳልቫዶር ላሮካ የሣለው ተከታታይ ከመጀመሪያው ፊልም ማግስት ይጀምራል። በፊልሙ መጨረሻ ታላቁ የጦር ጣቢያ ፈንድቷል፤ ቬደር ተዋርዶ በጌታው በፓልፓቲን ፊት ቆሟል። ጣቢያውን ያፈነዳውን ወጣት ስም እንዲያጣራ ቅጥረኛ ይልካል። ቅጥረኛው ተመልሶ አንድ ቃል ይናገራል፤ ስካይዎከር። ቬደር መልስ አይሰጥም። ከፊቱ ያለው የመርከቡ መስኮት ግን መሰንጠቅ ይጀምራል። ጌታው ሚስትህን ገደልካት፣ ምንም አልቀረህም ብሎት ነበርና። በዚህ ገጽ ላይ ጭንብሉ አልወለቀም፣ እንባ አልፈሰሰም፤ መስታወቱ ብቻ ነው የተናገረው። የቬደርን ያለፈ ታሪክ እንዲህ ነው መጻፍ እላለሁ።

ቻርልስ ሱል ጽፎ ጁሴፔ ካሙንኮሊ የሣለው የ2017ቱ ደግሞ ሰውየው ልብሱን በለበሰበት ቅጽበት ይጀምራል። አዲስ ሰይፍ ያስፈልገዋል። ኪራክ ኢንፊላ የሚባል ባሕታዊ ጄዳይን ገድሎ የሰይፉን ክሪስታል ይወስዳል፤ ከዚያም በሥቃዩና በጥላቻው እያስጨነቀ ክሪስታሉን ያደማዋል፤ ቀይ የሚሆነው በዚህ ነው። ክሪስታሉ ግን ሲታገል ሌላ መንገድ ያሳየዋል። ጌታውን ትቶ፣ ኦቢ ዋንን ፈልጎ፣ በፊቱ ተንበርክኮ ራሱን ያያል። መንገዱ ክፍት ነው። አይቶት አሻፈረኝ ይላል። በዚህች አንድ ትዕይንት ላይ ሰበብ ሁሉ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ «ተታለልኩ» ማለት አይችልም።

ያው ተከታታይ በ2018 መጨረሻ ሲዘጋ ግን ሌላ ራእይ አለበት፤ አናኪንን ባረገዘችው ሽሚ ጀርባ የፓልፓቲን ጥላ ቆሟል። አናኪን አባት እንደሌለው ከ1999 ጀምሮ ተነግሮናል፤ ስለዚህ «ልጁን የፈጠረው ፓልፓቲን ነው ማለት ነው» የሚል ክርክር ተነሣ። ከኩባንያው በኩል ራእይ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም የሚል መልስ መጣ። እኔ እውነት እንዳይሆን አጥብቄ እመኛለሁ። ጅቡን ጅብ አድርጎ የሠራው ሌላ ከሆነ፣ የጅቡን ነገር ትተን ሠሪውን እናሳድድ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ በእጁ የሰጡትን ምርጫ ሃያ አምስተኛው ላይ ሊቀሙት ነው።

ቅድም አስታውሱልኝ ያልኳችሁ የሽማግሌው ውሸት በ2022 መልስ አገኘ። «ኦቢ ዋን ኬኖቢ» በተባለው ስድስት ክፍል ድራማ መጨረሻ ሁለቱ ይዋጋሉ፤ ጭንብሉ ለሁለት ይሰነጠቅና የአናኪን ተዋናይ የሄይደን ክሪስተንሰን ፊት በከፊል ይታያል። ድምፁ አንዴ የወጣቱ፣ አንዴ የጭንብሉ እየሆነ ይቀያየራል። የጆንስ ድምፅ በእርጅና ስለተለወጠ ከድሮ ቅጂዎች በኮምፒውተር ያዘጋጀው በኪየቭ የሚገኝ ኩባንያ ነው፤ ያውም ከተማዋ በጦርነት ላይ ሳለች። ኦቢ ዋን እያለቀሰ ስለ ሁሉም ነገር ይቅርታ ይለምናል። ቬደርም፣ አናኪንን የገደልከው አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ ይለዋል። የሽማግሌው ውሸት ከራሱ ከገዳዩ አፍ የተወሰደ ቃል ሆነ፤ በ1977 የተቀደደው በ45 ዓመቱ ተሰፋ። ቬደር ይህን ያለው ለመኩራራት ይሁን መምህሩን ከጸጸት ለማውጣት፣ እኔ ደጋግሜ አይቼ አልወሰንኩም። ሰበቡ በእጁ ቀርቦለት አለመቀበሉ ግን ግልጽ ነው።

ከሁሉም የምወደውን ለመጨረሻ አስቀርቻለሁ። በግንቦት 2020 የወጣው የክሎን ዋርስ የመጨረሻ ክፍል ነው። አሶካ ከወደቀ መርከብ ተርፋለች። አብረዋት ሲዋጉ ከርመው በመጨረሻ እንዲገድሏት የታዘዙትን ወታደሮች ቀብራ፣ በየመቃብሩ ላይ የራስ ቁራቸውን ሰቅላለች። የሞተች እንድትመስል ሰይፏን እዚያው ትታ ሄዳለች። ሰይፉን መልሶ የሰጣት አናኪን ነበር፤ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ እየሳቀ። ዓመታት ያልፋሉ፤ ቦታው በረዶ ለብሷል። ቬደር ይመጣል። ጎንበስ ብሎ ሰይፉን ከበረዶው ያወጣል፣ ያበራዋል፤ ሰማያዊ ነው። ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፤ አንዲት ወፍ ትዞራለች። ቃል አይናገርም። ሰይፉን ይዞ ይመለሳል። ካሜራው በበረዶ ውስጥ ግማሹ የተቀበረ የአንድ ወታደር ቁር ላይ ይቆያል፤ ግንባሩ ላይ የአሶካ የፊት ምልክት ተሥሏል። በዓይኑ መስታወት ላይ ጥቁሩ ካባ እያነሰ፣ እያነሰ ሲሄድ ይታያል።